ለጭጋግ መንገድ የሚሆን የመኪና መብራት

ብዙ ሰው ጭጋግ የሚያስቸግረው በጣርማ በር የሚያልፈውን የደሴ መንገደኛ ብቻ ይመስለዋል። በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ተማሪዎች ግን እንደዚህ አናስብም። በስተምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ አለ፤ በሐምሌና በነሐሴ ተራራው ጭጋግ ለብሶ ያድራል፤ ዝናብ ባደረበት ጧትም ቤቴል፣ ዓለም ባንክና አየር ጤና በጭጋግ ተሸፍነው ይገኛሉ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ አይደለም። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ገበያ የምትሄደው እናት፣ ባጃጁ፣ ከሰበታና ከጅማ በኩል የሚገባው የጭነት መኪና ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ባለፈው ነሐሴ አንድ ጧት ያየነው ነገር ነው። ሦስት ሆነን ከአየር ጤና አጠገብ ታክሲ ስንጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ከሰበታ በኩል መጣ። በጣራው ላይ ረዥም የኤል ኢ ዲ መብራት አግድም ተተክሎበት ነበር። ከፊት ለፊቱ ይመጣ የነበረ ሚኒባስ በድንገት ወደ ዳር ዘመም አለና፣ ቅርጫት ተሸክማ ከቆመች ሴት ዘንድ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። የሚኒባሱ ሾፌር ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ አባት ናቸው። ወርደው ሴትዮዋን ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ልጆቼ፣ ብርሃን አየሁ እንጂ መንገድ አላየሁም» አሉን።

እኒህ ሰው የሰፈራችን ሰው ናቸው። በሳምንቱ ጠሩንና፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ለኔም መኪና እንደዚያኛው ያለ መብራት አድርጉልኝ» አሉን። እኛም ስለ ኤሌክትሪክ በክፍል የተማርን ስለሆን፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ አያስቡ» ብለን ተቀበልን። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ከሶማሌ ተራ ሁለት መብራት ገዝተን፣ እርሳቸው እንደ ፈለጉት ከጣራው ላይ አሰርን፤ ቀጭን ገመድ ስበን በማብሪያው በኩል በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘን፤ መጋጠሚያውንም ጠምዝዘን በናስትሮ ጠቀለልን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማብሪያው እጅ አላስነካ አለ፤ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሸተተን። በማግሥቱ ጭጋግ ሲመጣ ደግሞ ከመስተዋቱ ፊት ነጭ ግድግዳ የቆመ መሰለ። መብራት ሲጨመር ማየት ቀነሰ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ደብተራችንን ገልጠን እንደገና የተቀመጥነው። ከስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እናቀርባለን።

፩. ጭጋግ ብርሃንን ለምን ይመልሳል?

ጭጋግ ማለት መሬት የነካ ደመና ነው። የአየር ጠባይ ተመልካቾች አንድን አየር ጭጋግ ነው የሚሉት ከ1,000 ሜትር በላይ አላሳይ ሲል ነው። በውስጡ ያሉት የውኃ ጠብታዎች እጅግ ጥቃቅን ናቸው። የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ክፍል ማይክሮን ይባላል፤ የጠብታዎቹም ስፋት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን እስከ ጥቂት ዐሥሮች ማይክሮን ይደርሳል። የመብራት ጨረር እነዚህን ጠብታዎች ሲመታ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይበተናል፤ ከተበተነውም ከፊሉ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። ያ ነጭ ግድግዳ የራሳችን መብራት ተመልሶ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከዓይን አጠገብ ሆኖ የሚበራ ብርቱ መብራት፣ ግድግዳውን ይበልጥ ያነጣዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በጭጋግ ሌሊት የእጅ ባትሪ ከጆሮ ግንድ አጠገብ ይዞ ማብራት፣ ቀጥሎም ወደ ጉልበት ዝቅ አድርጎ መንገዱን ማብራት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የሚታየው ጭጋጉ ነው፤ በሁለተኛው ግን የመንገዱ ድንጋይ ይታያል። ባትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ከጣራ ላይ የተከልነው መብራት ያሳፈረንም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቢጫ መብራት አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሾፌሮች ቢጫ ብርሃን ጭጋግን ሰንጥቆ ያልፋል ብለው ያምናሉ። ፈረንሳይ እንኳ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የመኪናዎቿ የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ደንግጋ ነበር። ነገር ግን የሚታይ ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ያህል ስለሆነና የጭጋግ ጠብታ ከዚህ ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ፣ ጠብታው ቢጫውንም፣ ሰማያዊውንም፣ ቀዩንም በተቀራራቢ መጠን ይበትናል። የቢጫ ጥቅም ዓይንን የሚያታክተውን ሰማያዊ ጨረር ማስቀረቱ ነው። ቢጫ መብራት የሚወድ ሰው ቢተክል አይነቀፍም፤ በቢጫነቱ ተማምኖ ፍጥነት መጨመር ግን ስሕተት ነው።

፪. ሁለቱን መብራቶች አለመለየት

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ተጨማሪ መብራቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ በሌላው ቦታ ይተከላል።

የመጀመሪያው መካኒኮች «ፎግ ላይት» የሚሉት የጭጋግ መብራት ነው። ብርሃኑ ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ፊት አጭር፣ ከላይ በኩል ደግሞ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ነው። የሚያሳየው የመንገዱን ጠርዝ፣ ቦዩንና በቅርብ ያለውን እግረኛ ነው። ሁለተኛው «ስፖት ላይት» የሚባለው የሩቅ መብራት ነው። ይህኛው ጠባብና ረዥም ጨረር ይወረውራል፤ ጥቅሙም ከከተማ ውጭ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ከፊት ለፊት መኪና በማይመጣበት ጊዜ የረዥሙን መብራት ሥራ ለማገዝ ነው። በጭጋግ ውስጥ ስፖት ላይት ማብራት ግድግዳውን በእጅ እንደ መገንባት ይቆጠራል።

በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ከወጡት የተሽከርካሪ ደንቦች መካከል ቁጥር 19 የጭጋግ መብራትን አሠራር፣ ቁጥር 48 ደግሞ የመብራቶችን አተካከል ይወስናሉ። በአተካከሉ ደንብ መሠረት በቤት መኪና ላይ የሚተከል የጭጋግ መብራት ከመሬት ከ25 ሣንቲ ሜትር ማነስ፣ ከ80 ሣንቲ ሜትርም መብለጥ የለበትም፤ ከአጭሩ መብራትም ከፍ ሊል አይገባውም። የመብራቱ ቦታ ጣራ ሳይሆን ፓራውልት ነው ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የመጣ ሌላ ልማድ አለ። ለሃሎጅን አምፑል በተሠራ መብራት ውስጥ የኤል ኢ ዲ አምፑል ይከተታል። ኤል ኢ ዲ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ለእርሱ ተብሎ ከፋብሪካ የተሠራ መብራት መልካም ነው። ነገር ግን የሃሎጅን መብራት አንጸባራቂ መስተዋት የተሰላው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ሽቦ፣ ከአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ እንደሚነሣ ተቆጥሮ ነው። የብርሃኑ መነሻ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዛወር ወይም ቅርጹ ሲለወጥ ያ የተቆረጠ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ብርሃኑም ወደ ላይ ይረጫል። ባለመኪናው «ደመቀልኝ» ይላል፤ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ሰው ግን ይታወራል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኸው ነው።

፫. የገመዱ ሒሳብ

ማብሪያው ለምን ጋለ? ሁለት ባለ 55 ዋት አምፑሎች በአንድነት 110 ዋት ይፈልጋሉ። 110ን ለ12 ቮልት ብናካፍለው 9.2 አምፔር ያህል እናገኛለን። የገዛነው ትንሽ ማብሪያ ይህን ሸክም እንዲሸከም የተሠራ አልነበረም።

ገመዱስ? ኤሌክትሪክ በገመድ ውስጥ ሲያልፍ የሚያጋጥመው እንቅፋት ሙግደት ይባላል። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ሙግደቱ 0.0175 ኦም ያህል ነው። የእኛ ገመድ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከባትሪው እስከ መብራቱ በማብሪያው በኩል ዞሮ 4 ሜትር ሆነ እንበል። ሙግደቱ 0.093 ኦም ይመጣል። ይህን በ9.2 አምፔር ብናባዛው 0.86 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ 8 ዋት የሚጠጋውም ኃይል ገመዱን ለማሞቅ ይውላል።

«ከ12 ቮልት አንድ የማይሞላ ቢጎድል ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የአምፑል ብርሃን ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከቮልቱ በ3.4 ኃይል ከፍ ብሎ ይለዋወጣል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ ቮልቱ ከመቶ 7 ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 22 ያህል ይቀንሳል። ከአምስት እጅ አንዱን እጅ በቀጭን ገመድ አጣነው ማለት ነው። በዚያው ርዝመት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ብንጠቀም ኖሮ የሚጎድለው 0.26 ቮልት፣ ከብርሃኑም ከመቶ 7 ብቻ ይሆን ነበር። ብርሃን የፈለገ ሰው ትልቅ አምፑል ከመግዛቱ በፊት ገመዱን ይመልከት የምንለው ስለዚህ ነው።

፬. ሪሌና ፊውዝ

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ሪሌ የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። በውስጡ የማግኔት ጥቅል አለ። ከማብሪያው የሚመጣ እጅግ ትንሽ ኮረንቲ ማግኔቱን ሲቀሰቅሰው፣ ማግኔቱ ወፍራሙን መንገድ ይዘጋና ብርቱው ኮረንቲ ከባትሪው በቀጥታ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ለጋሼ ስናስረዳቸው፣ «ማብሪያው ቃል ይሰጣል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ሪሌው ነው» አልናቸው።

በተለመደው ሪሌ እግሮች ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። አገናኙም እንደሚከተለው ነው።

ቁጥር 30፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ በፊውዝ በኩል አልፎ የሚመጣው ወፍራም ገመድ።
ቁጥር 87፤ ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ወፍራም ገመድ።
ቁጥር 86፤ ከማብሪያው የሚመጣው ቀጭን ገመድ።
ቁጥር 85፤ ወደ መኪናው አካል፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቭ።

ፊውዙ ለእነዚህ ሁለት መብራቶች 15 አምፔር ይበቃዋል፤ መቀመጫውም በተቻለ መጠን ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑሉን ሳይሆን ገመዱን ነው። የገመድ ልብስ ተልጦ ብረት ቢነካ ባትሪው በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊያፈስስ ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ፊውዝ ከሌለ ገመዱ እንደ ምድጃ ፍም ይግላል። ፊውዝ መብራቱ አጠገብ ቢቀመጥ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ገመድ ያለ ጠባቂ ይቀራል። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምዘዝም የእሳት ግብዣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማብሪያው ገመድ ኮረንቲውን ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ነው። የጭጋግ መብራት ማብሪያ ከፓርኪንግ መብራት መስመር ይነሣ። እንዲህ ከሆነ የመኪናው የኋላ መብራት ሳይበራ የጭጋግ መብራት ብቻውን አይበራም፤ ከኋላ የሚመጣውም ሰው ያየናል። የሩቅ መብራት ከሆነ ግን ሪሌውን የሚቀሰቅሰው ገመድ ከረዥሙ መብራት መስመር መነሣት አለበት። ሾፌሩ ከፊት ለፊት መኪና አይቶ ወደ አጭሩ ሲለውጥ፣ የሩቁም መብራት በዚያው ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ያን ጧት ሚኒባሱን ወደ ሴትዮዋ የገፋው የጣራ መብራት ከአጭሩ መብራት ጋር አብሮ አልጠፋም። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የገመዱ አሠራር ግን ጨዋነቱን እንዲረሳ ፈቀደለት።

ከዚህ በተረፈ ገመድ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ይደረግለት፤ ኔጌቲቩ የሚታሰርበት ብሎንና ዳዶ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ይንካ፤ መጋጠሚያው ይበየድ ወይም በገመድ ጫፍ መቆንጠጫ በሚገባ ይጨበጥ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። እነርሱም ለመብራት የሚሆን የ12 ቮልት መስመር አላቸው፤ ብርቱካናማ ልብስ ያለውን ገመድ ግን ያልሠለጠነ ሰው ከቶ እንዳይነካው፤ የሚገድል ቮልት ያልፍበታል።

፭. መብራቱን ማቃናት

ሁለተኛውን ሥራችንን እንዲህ ፈጸምን። መብራቶቹን ከጣራ አውርደን ከመሬት 50 ሣንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በፓራውልቱ አሰርናቸው። ማቃናቱ ግን ከማሰሩ ይበልጣል።

መኪናው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ ይቆማል። በኮልፌ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ መኪናው የቆመበትና ግድግዳው የቆመበት መሬት በአንድ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። የጎማው አየር ይስተካከላል። ከዚያ የመብራቱ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካል፤ ለእኛ 50 ሣንቲ ሜትር ነበር። በግድግዳው ላይ ከዚህ 10 ሣንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ማለት በ40 ሣንቲ ሜትር ላይ፣ በጠመኔ አግድም መስመር ይሰመራል። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍኖ የሌላውን የላይ ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ማስተካከል፣ ከዚያም ማፈራረቅ ነው። በ5 ሜትር 10 ሣንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ከመቶ 2 ቁልቁለት ነው፤ የብርሃኑም ጠርዝ ከመኪናው 25 ሜትር ርቆ መሬት ይነካል።

ጭነት ይህን ሁሉ ሊያፈርሰው እንደሚችል አይዘንጋ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.5 ሜትር ቢኖርና ከኋላ በተሳፋሪ ወይም በዕቃ ብዛት መኪናው 5 ሣንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ይህ ራሱ ከመቶ 2 ነው። ያቃናነው ቁልቁለት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ጨረሩም አግድም ሄዶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሚኒባስን ባዶውን ሳይሆን እንደ ዘወትሩ ጭኖ ማቃናት ያስፈልጋል። እኛ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን አስቀመጥንበት።

ጋሼ መጀመሪያ አልተደሰቱም። «ይሄማ ከሻማ አይሻልም» አሉን። ስለዚህ አሮጌውን የጣራ መብራት ለጥቂት ጊዜ መልሰን አሰርንና፣ እርሳቸውን ከመኪናቸው ፊት ለፊት 20 ሜትር ያህል አርቀን በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው፤ የሌላ ሾፌር ዓይን በሚሆንበት ከፍታ ማለት ነው። የጣራውን ስናበራ ፊታቸውን በእጃቸው ከለሉ። የታችኛውን ስናበራ የመንገዱን ድንጋይ እየቆጠሩ ተቀመጡ። ተነሥተው፣ «ያን ከላይ ያለውን አውርዱልኝ» አሉን፤ እኛም አወረድነው።

፮. ብርሃንና ፍጥነት

መብራቱ 25 ሜትር ያሳያል ካልን፣ መኪናው በ25 ሜትር ውስጥ ይቆማል ወይ? ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ይፍጅበት፤ አስፋልቱም እርጥብ ነውና የጎማው ሰበቃ 0.4 ይሁን ብለን አሰላን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ17 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው 27 ሜትር፣ በ60 የሚሄደው ደግሞ 52 ሜትር ይፈልጋል። በ40 የሚነዳ ሰው እንግዲህ ብርሃኑ በሚነካበት ጫፍ ላይ የቆመን ሕፃን አይቶት እንኳ ይደርስበታል። የተሻለ መብራት ስለ ተተከለ ፍጥነት የሚጨምር ሰው፣ በመብራቱ ያገኘውን ጥቅም በእግሩ ረግጦ ያጠፋዋል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከእኛ መካከል መኪና ያለው ጥቂት ነው። ነገር ግን አባት፣ አጎት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ሾፌር የሌለው ተማሪ አይገኝም፤ በጭጋግ ጧት ከመንገድ ዳር የማይቆምም የለም። የሚያስፈልገው ግድግዳ፣ ሜትርና አንዲት ጠመኔ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዳችን የአንድ ሰው መኪና መብራት ብናቃና፣ ሐምሌ ሲመጣ በየሰፈራችን መንገድ ላይ ልዩነቱን እናየዋለን።